ከፊት ወንበር ተቀመጪልኝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ «ለሌላ ቀን ይቆየኝ» ብለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቀሽዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ግን አንቺን መዋሸት ስለማልችልበት እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰሞኑን ናፍቆቱም እንደ ድሮው አያንገበግበኝም። በብርድ የደነዘዘ እጅ መርፌ ሲወጋው እንደሚሆነው ነው። መኖሩን አውቃለሁ፣ አያመኝም። እንዳትደነግጪ፤ ናፍቆቱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር እንደዚያ ነው የሆነብኝ።

ወንድሜ በስልኩ መልእክት ጽፎልኛል። «እማዬ ምን አስቀየምኳት እያለች ነው፤ ስትደውልልሽ ለምን አታነሺም?» ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩሽ መስሎሻል አይደል? ስትደውዪ አያለሁ እኮ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠርዙ ይሄዳል፣ ያ ቢጫ ሹራብሽን ለብሰሽ የተነሳሽው ፎቶ ይበራል። እንዳይወድቅ ብዬ መዳፌን ከላዩ አስቀምጣለሁ። አንቺ እስክትዘጊ ድረስ እንደዚያው ሆኜ እቆያለሁ። ሲቆም እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ለምን እንደማላነሳው ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ ይገባሻል። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለወንድሜ እንዳትሰጪው፤ እሱ ሲያነብ ይቸኩላል፣ ያልጣመውንም ይዘላል።

የፊታችን ሳምንት የሠራተኞች ቀን ነው። የፋብሪካውን ግቢ ብታዪው አታውቂውም። የአጥሩ ግንብ ኖራ ተቀብቷል፣ የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ ሆኗል፣ ለዓመታት ተሰብሮ የኖረው የመታጠቢያ ቤቱ በር እንኳ ማጠፊያ ተገዝቶለታል። ለሁላችንም ቀይ ቲሸርት ታድሎናል። ሁሉም አንድ ልክ ነው። ለጓደኛዬ ለሽቦ ቀሚስ ሆኗታል፣ ለፎርማኑ ደግሞ እምብርቱ ላይ ደርሶ አልወርድ ብሏል። ሽቦን ታውቂያታለሽ፣ ባለፈው ስትመጪ «ይቺ ልጅ ምሳ ትበላለች?» ያልሽኝ ያቺ ቀጭኗ ናት። ግቢው መሀል መድረክ እየተሠራ ነው። ዘንድሮ የፋብሪካው ባለቤት ራሱ መጥቶ ከፊት ይቀመጣል ተብሏል።

እዚያ መድረክ ላይ ሠራተኞችን ወክላ የምስጋና ቃል የምታሰማው እኔ ነኝ። የሰው ኃይል ኃላፊው ነባር ሸማኔ ትሁን ብሎ መረጠኝ። ሽቦ ዜናውን ስትሰማ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ዘለለች። እኔ ግን ደስም አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ጥሩ ነው ብዬ ክሬን መቀጠል ጀመርኩ። ፎርማኑ ኮርቼ መስሎት «ከአሁኑ አፍንጫሽን ነፋሽብን» ብሎ ቀለደብኝ።

አንቺ የሽመናውን ክፍል ገብተሽ አይተሽው አታውቂም። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲመቱ መሬቱ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። እዚያ ውስጥ ሰው ቢጮህ ትርፉ ጉሮሮ መቁሰል ነው። አዲስ ገቢ የሚለየው በዚህ ነው፤ የመጀመሪያ ሰሞን ይጮኻል፣ ድምፁ ይዘጋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። እኛ ነባሮቹ የምናወራው በከንፈር ብቻ ነው። ድምፅ አናወጣም፣ ለምን ብለን? ከንፈራችንን ሰፋ አድርገን እናንቀሳቅሳለን፣ የጎደለውን በእጅ እንሞላለን። ሁለት ጣት ተገናኝቶ ሲላቀቅ ክር ተበጥሷል ነው። የእጅ አንጓ ሲጠመዘዝ መካኒኩን ጥሩልኝ ነው። ሆድ ሲታሽ ደግሞ ፎርማኑ እየመጣ ነው፤ ቦርጩን ማለታችን ነው። አንድ ጊዜ አንዷን የምር ሆዷን ቆርጧት ስታሽ ክፍሉ በሙሉ ተሯሩጦ ማሽኑ ላይ ተገተረ። እሷ እዚያው ተጣጥፋ ቀረች፣ የሚያነሳት ጠፋ። እስከ ዛሬ እንስቅባታለን።

ሽቦ ከሦስት ማሽን ማዶ ሆና የአከራይዋን ጉድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተርክልኛለች። አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ሐሜት ሲሆን ብቻ አፋችንን በእጃችን እንጋርዳለን፤ ከሩቅ የሚያነብ አይጠፋማ።

የተለወጠብኝ ከዚያ ክፍል ውጪ ያለው ነው። መቼ እንደጀመረ እኔም አላውቅም። መጀመሪያ የሄደው የዝናብ ድምፅ ነው፤ አሁን መዝነቡን የማውቀው መስኮት ስከፍት ነው። ከዚያ የበር መንኳኳት ሄደ። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች በሆነ ባልሆነው ይቆጡኝ ጀመር፤ ለካ «አሳልፊን» እያሉኝ ኖሯል። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ እየመዘነ ሲያናግረኝ ጭንቅላቱን እያየሁ እቆማለሁ። ሽመና ክፍል ስገባ ግን ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ከንፈሩን ገልጦ ያወራኛል። ሌላው ከጫጫታው ሸሽቶ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኔ ከቤቴ ወደ ጫጫታው የምሮጠው ለዚህ ነው። ስሙን አልጽፈውም እማዬ። አንቺ ልጅ አሳድገሻል፣ ገብቶሻል።

አሁን የልምምዱን ቀን ልንገርሽ። ብትስቂም አልቀየምሽም፣ ሽቦም መጨረሻ ላይ ስቃለች።

ማሽኖቹ ቆመው ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። የቢሮዎቹ ሰዎች በአንድ በኩል ወንበር ላይ፣ እኛ በሌላ በኩል አግዳሚ ላይ። ኃላፊው የሚባለውን ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። «ለተመቸ የሥራ ቦታችን፣ አባታዊ ክትትል ለማይለየን አመራራችን» እያለ የሚሄድ ነው። በቃሌ አጥንቼዋለሁ፣ እንቅልፌ መሀል ብትቀሰቅሺኝ እወጣዋለሁ። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ፣ ጓደኞቼን እያየሁ ከአናት እስከ እግሩ አልኩት። ስጨርስ የእኛ ሰዎች ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ሽቦማ ዓይኗን ትጠርጋለች። የቢሮዎቹ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። የድምፅ ባለሙያው መጥቶ ማይክሮፎኑን እፍ እፍ ይልበታል፣ ይመታዋል፣ ገመዱን ነቅሎ ይሰካል። ከዚያ ሌላ ማይክሮፎን አመጣና በእጁ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። የእኛዎቹ አሁንም አጨበጨቡ። እሱ አሁንም ገመድ ይፈትሻል።

ኋላ ማይክሮፎኑን ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ጥሩ ሰው ነው፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። «እህቴ፣ ድምፅሽን አውጪው እንጂ» አለኝ።

እጄን ጉሮሮዬ ላይ አደረግሁ። የመጀመሪያዋን መስመር እንደገና አልኳት። ጉሮሮዬ ጭጭ ብሏል። ገባሽ? ያን ሁሉ ንግግር፣ ሁለቴ፣ በከንፈር ብቻ ነው ያልኩት። አላወቅሁም። ጓደኞቼም አላወቁም፤ ሁሉም አንብበውኛል፣ አንዲት ነገር አልጎደለባቸውም። የቢሮዎቹ ከት ብለው ሲስቁ ሽቦ ዞር ብላ በከንፈሯ «ምን ሆኑ?» አለችኝ። እኔም «እንጃ» አልኳት። ክው ማለት ነበረብኝ፣ ማፈር ነበረብኝ። ከመድረኩ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ። ስኳሩን በደንብ አማሰልኩት፣ ጨረስኩት።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ሆኖ «ተቀመጪ» አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ተነስቶ መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ ውኃ እያጠጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ አወራ። እኔ የማየው ትከሻውን ነው። ሲያወራ ትከሻው ንቅጥቅጥ ይላል፣ ሲጨርስ ይቆማል። ትከሻው በቆመ ቁጥር «እሺ» አልኩ። ይሄኛውን እንኳ በድምፅ ነው ያልኩት፤ እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር። መጨረሻ ላይ ዞሮ ደስ ብሎት ጨበጠኝ።

እሺ ያልኩት ምን እንደሆነ የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት። ወጥቼ ስሄድ ክንዴን ይዛ «አይዞሽ፣ መጋዘኑ ጸጥ ያለ ነው፣ ታርፊበታለሽ» አለችኝ። ከበዓሉ በኋላ ሽመና ክፍል አልገባም ማለት ነው። የአደጋ ደወል የማይሰማ ሰው ማሽን ላይ አይቆምም ብሏል። እኔም ተስማምቻለሁ ተብሏል። ደወሉንማ ድሮም እዚያ ውስጥ ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ የምናየው ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ መብራት ነው። ይህን ማለት ነበረብኝ። እኔ «እሺ» ብዬ መጣሁ።

መጋዘኑ ሄጄ አየሁት። ጥቅል ጨርቅ ጣራ ድረስ ተደርድሮበታል። ያለው አንድ ሰው ነው፣ የመጋዘን ኃላፊው። ደግ ሽማግሌ ነው ይላሉ። ጢሙ ግን አፉን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። ይናገር፣ ያላምጥ፣ ያዛጋ አይታወቅም። ከእሱ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ፣ እስከ ጡረታ። ያን ጊዜ ጢሙን እያየሁ ትንሽ ሆድ ባሰኝ። ለረጅም ጊዜ ከተሰማኝ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ብታምኚም ባታምኚም።

ለሽቦ ነገርኳት። ቆሽቷ አረረ። እዚያው ማሽኗ አጠገብ ሆና እጇን እያወናጨፈች ትሰድበኛለች፣ ክፍሉ በሙሉ እያነበበ ነው። «ሂጂና አይሆንም በያቸው! ምላስሽን ማን ቆረጠው? ዛሬ አንቺ ነሽ፣ ነገ እኔ ነኝ፣ ከነገ ወዲያ ያቺ ነች!» ትላለች። እኔም «ደክሞኛል፣ ይሁን በቃ» አልኳት። ፎርማኑ ቦርጩን እያስቀደመ ከኋላዋ ደርሶ ቆሞ አነበበን። ሊቆጣ ነው ስንል ከንፈሩን ገልጦ፣ ያለ ድምፅ፣ «እኔንም ጆሮዬ ከከዳኝ ዓመት ሆነኝ፣ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም» አለንና ሄደ። ሁለታችንም አፋችንን ያዝን። ሰውየው ለካ እኛ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ አልተሳፈርኩም፣ በእግሬ ሄድኩ። ሳስብ የነበረው ስለ አንቺ ነው። ባለፈው ስትመጪ ወደ ቤትሽ የተመለስሽው ካሰብሽው ቀን ቀድመሽ ነው። አልጋው አልተመቻት ይሆናል ብዬ ነበር። ኋላ ነው ወንድሜ የጻፈልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ፣ ከልጅነታችሁ ጀምሮ አብራሽ የኖረችው፣ ማረፏን እኔ ቤት ተቀምጠሽ ነግረሽኛል። እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «እሰይ፣ ጥሩ አደረገች» ነው ያልኩሽ። ሣቅሁም። አንቺ የፊት ጥርሶችሽ ከወለቁ ወዲህ ስታወሪ አፍሽን በመዳፍሽ ትሸፍኛለሽ። ዓይንሽ እንባ ሲሞላ አይቻለሁ፣ የሳቅ መስሎኝ ነበር። ካንቺ ጋር አብሬ የሣቅሁ መስሎኝ ነበር እማዬ። የዚያን ቀን ገብቶኝ ቢሆን አብሬሽ አለቅስ ነበር። አሁንም አልቅሼላታለሁ ልልሽ ነበር፣ ግን አላለቀስኩም፤ ለሷም ለራሴም ዕንባው አልመጣ ብሏል። አንቺ አጠገቤ ብትሆኚ ይመጣ ይሆናል።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ለበዓሉ ነይልኝ። ከዋዜማው ተነሺ፣ አልጋዬን ላንቺ እለቃለሁ፣ ፍራሽ ከሽቦ እዋሳለሁ።

ቤት ውስጥ እየተለማመድኩ ነው። ጉሮሮዬን ይዤ እናገራለሁ፣ ጉሮሮዬ ሲርገበገብ ይሰማኛል፣ ጎሽ እላለሁ። ቃሉን ማሰብ ስጀምር ድምፁን እረሳዋለሁ። ድምፁን ሳስብ ደግሞ ቃሉ ይጠፋኛል። ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ በደንብ ያዝኩት ብዬ ስቀጥል ጎረቤቴ በሬን በርግዳ ገባች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ሰው የሚገድለኝ መስሏት ነው። ወይ ጭጭ ነው፣ ወይ ጩኸት፤ መካከሉን አላገኘሁትም። መድረኩ ላይ ደግሞ ጉሮሮዬን ይዤ መቆም አልችልም፣ ታንቄ የምሞት መስዬ።

ሽቦን ከፊት ሆነሽ ምልክት ስጪኝ ብያት ነበር። ድምፄ ይውጣ አይውጣ እሷም አታውቅም። ከእኛ ክፍል ማንም አያውቅም። የሚሰማ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፣ ደግሞ የእኔ የሆነ ሰው። ስለዚህ አንቺ ከፊት ወንበር ተቀመጪልኝ፣ ከባለቤቱ አጠገብ ቢሆንም ግድ የለሽም፣ ማንም ቢያስነሳሽ እንዳትነሺ። ድምፄ ከጠፋ እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ። ከጮኽኩ መዳፍሽን ወደ ታች ጫን ጫን አድርጊ። ደህና ከሆነ ደረትሽ ላይ አድርጊው። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ሄደን ስረብሽ በዓይንሽ ብቻ ጸጥ ታሰኚኝ አልነበር? ያንኑ ነው የምለምንሽ።

ኃላፊው የጻፈውን ምስጋና አንድም ሳላስቀር እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ የምጨምረው አለኝ፤ አጭር ናት። እሷን ማንም አልጻፈልኝም፣ እኔም እዚህ አልጽፋትም፣ እዚያው ትሰሚያታለሽ። ለጓደኞቼ ቢሆን ድምፅ ባልፈለግሁ ነበር። እነዚያ ወንበር ላይ ያሉት ግን ከንፈር አያነቡም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምስጋና ሁሉ በከንፈሬ ብቻ ብለውም ግድ የለኝም፣ ምልክት ለመስጠትም አትድከሚ። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ ግን አይንሽን ከእኔ አትንቀይ።

ደግሞ አንድ ነገር። ስትመጪ አፍሽን በእጅሽ አትሸፍኚብኝ። ጥርስሽ አያሳፍረኝም። እየሳቅሽም ቢሆን፣ እያለቀስሽም ቢሆን፣ ተቆጥተሽኝም ቢሆን አፍሽን ልየው። ስለ ልብስ ሰፊዋም እንደ አዲስ ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብለሽ።

ለወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፣ መንገዱን አልጋ በአልጋ ያድርግልሽ፣ ዕድሜሽን ከእኔም ቀንሶ ይጨምርልሽ። በመስኮት በኩል ተቀመጪ፣ መኪና ሲያንገላታሽ ያጥወለውልሻል።

ፊትሽን ለማየት የምትጠብቅ
የመጀመሪያ ልጅሽ

እስከዚያው ድረስ መደወልሽን አትተዪ። ሲንቀጠቀጥ መዳፌን አስቀምጥበታለሁ ብዬሽ የለ? አንቺም ቶሎ አትዝጊው።